በሣጥን የመጣ መኪና ልብሱን ሲለብስ

አውቶሞቢል ተሠርቶና ተወልውሎ፣ ቁልፉም ለገዢው ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይተው ይሆናል። ነገር ግን አንድ አውቶሞቢል እንደ ብረት አልጋ ተፈታትቶ፣ በሣጥን ታሽጎ ሲሸጥና ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ በጓሮው ራሱ ሲገጣጥመው ያዩ አይመስለኝም። በእንግሊዝ አገር ግን ይህ ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና «ኪት ካር» ይሉታል፤ ለአንድ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ተሟልቶ ባንድነት ሲቀርብ ኪት ይባላልና።

ዛሬ የማጫውትዎ ስለ ሞተሩ አይደለም። ስለ ሞተር የሚያወራ ሰው በየሻይ ቤቱ አይታጣም። የእኔ ጉዳይ ከልብሱ ላይ ነው፤ ይኸውም በሩ፣ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎውና አፍንጫው በሻንሲው ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። ይህንንም መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። በጓሮ የሚሠራ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚድነውም የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው።

አስቀድሞ ሰዎቹ ወደዚህ ጣጣ ለምን እንደገቡ እንመልከት። ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር አዲስ መኪና ማግኘት ጭንቅ ነበር። መንግሥት ፋብሪካዎቹ የሚሠሩትን አብዛኛውን ወደ ውጭ አገር እንዲልኩ ይገፋፋቸው ነበር። ባገር ውስጥ በሚሸጠውም ላይ የግዢ ቀረጥ የሚባል ከባድ ግብር ተጭኖበት ነበር። ይሁን እንጂ ቀረጡ ያረፈው ተሠርቶ ባለቀ መኪና ላይ እንጂ ገዢው ራሱ በሚገጣጥመው ዕቃ ላይ አልነበረም። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ወጣት ጸሐፊ ይህችን የሕግ ቀዳዳ ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ከ1922 እስከ 1939 ከተሠሩት አሮጌ ኦስቲን ሰቨኖች አንዱን ወይም ያረጀ ፎርድ በርካሽ ይገዛል፤ የዛገውን አካል ገፍፎ ይጥላል፤ በሻንሲው ላይ አዲስ አካል ያለብሰዋል። ልብሱ ሲለወጥ አሮጌው ፎርድ እንደ እሽቅድምድም መኪና ይመስላል። ፍጥነቱ ግን ያው የፎርድ ነው!

ከነዚህ ወጣቶች አንዱ ኮሊን ቻፕማን ነበር። ቻፕማን በ1928 ተወልዶ በ1982 የሞተ መሐንዲስ ሲሆን፣ የመጀመሪያ መኪናውን በ1948 የሠራው ከአንድ አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ላይ ነው። በኋላም ሎተስ የሚባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፣ በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ትንሽ ባለሁለት መቀመጫ መኪና አወጣ። ይህች መኪና ሙሉ ተሠርታም ሆነ በኪት ትሸጥ ነበር። በኪት የገዛት ሰው ቀረጡ ይቀርለታል። ሕጉ ከኪቱ ጋር የመገጣጠሚያ መመሪያ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል፣ ቻፕማን የመፈታቻ መመሪያ ጽፎ ከሣጥኑ ጋር ይልክ ነበር፤ ገዢውም ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይገጥም ነበር ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። ጨዋታው ያበቃው በ1973 የግዢ ቀረጥ ተሽሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ በተተካበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ሎተስ ሰቨንን የመሥራቱ መብት ካተርሃም ወደሚባል ድርጅት ተዛወረ። ቀረጡ ቢቀርም ልማዱ አልቀረም፤ ካተርሃም ያችኑ መኪና ዛሬም በኪት ይሸጣል።

አሁን ወደ ልብሱ እንመለስ። ሞተር መግጠም ለጀማሪ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ነገሩ የተወሰነ ነው። ቡሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ፋብሪካው ቀድዶታል፤ ከገባ ገባ፣ ካልገባ ዕቃው የሌላ መኪና ነው። የአካሉን ቀዳዳ ግን የሚቀድደው ባለቤቱ ራሱ ነው። በሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሁን ወይስ ወደ ኋላ፣ ኮፈኑ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ፣ የሚወስነው እሱ ነው። በተሳሳተ ቦታ የተቀደደ ቀዳዳም በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ይመለከተዋል። በተጨማሪም ቀደም ሲል በሻንሲው ላይ የተሠራ ስሕተት ሁሉ ተደብቆ ቆይቶ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው። ሻንሲው በአንድ ወገን አምስት ሚሊ ሜትር ቢጣመም ሞተሩ ይነሣል፣ ጎማውም ይዞራል፤ በሩ ግን አልዘጋም ይላል።

ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ፣ መሪው እየዞረ፣ አካሉ ግን ከግድግዳ ተደግፎ አቧራ የሚጠጣ መኪና በእንግሊዝ ጋራዦች ብርቅ አይደለም። ባለቤቱ ሁለት ሦስት ዓመት ደክሞበት፣ ገንዘቡን አፍስሶበት፣ በመጨረሻ «ያላለቀ» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ኪቱን የሚሸጡት ነጋዴዎች በማስታወቂያቸው ላይ ሥራው በጥቂት ቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ አስመስለው ሲጽፉ ሳነብ፣ ሞተሩን ብቻ የቆጠሩ ይመስለኛል።

የልብሱ ጨርቅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ሁለተኛው ፋይበርግላስ። የመጀመሪያዎቹ ሰቨኖች ከብረት ቱቦ በተበየደ አጽም ላይ አሉሚኒየም በሪቬት ተመትቶባቸው የተሠሩ ናቸው። ከ1960 ወዲህ ደግሞ አፍንጫውና ፓራፋንጎው ከፋይበርግላስ ሆነ። በሰቨን ላይ ወለሉና ጎኑ ላይ የተመታው ላሜራ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቱቦዎቹ እንዳይጠመዘዙ አብሮ ይይዛል። በዚህም ምክንያት ኪቱ ሲመጣ ይህ ላሜራ ብዙውን ጊዜ ተመትቶ ነው፤ ለገዢው የሚተርፈው አፍንጫው፣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ነው።

ይህም አልበቃ ያለው ሰው ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል። በ1996 ሮን ቻምፒዮን የሚባል እንግሊዛዊ ሰቨንን የመሰለ መኪና በ250 ፓውንድ ብቻ በቤት መሥራት ይቻላል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ሞተሩንና ማርሹን ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት መውሰድ፣ ሻንሲውን ራስ መበየድ፣ ላሜራውን ራስ መቁረጥ ነው። መኪናዋም «ሎኮስት» ተባለች፤ ርካሽ ማለታቸው ነው። በ250 ፓውንድ ለመጨረስ ዕድልም ማስፈለጉን ብዙዎች ቆይተው ተረድተዋል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ስንቱን ሰው ከወንበሩ አስነሥቶ ወደ ጋራዥ አስገብቷል።

ላሜራውን ለመቁረጥ የሚጀመረው በመቀስ ሳይሆን በካርቶን ነው። ካርቶኑን በቱቦዎቹ ላይ ዘርግቶ፣ ጠርዙን በእርሳስ አስምሮ፣ ከተቆረጠ በኋላ እንደገና በቦታው አስቀምጦ ማየት ነው። ካርቶን ቢበላሽ ሌላ ካርቶን አለ። ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው አሉሚኒየም ግን ዋጋው ያስለቅሳል። ጠበብ ያለ እጥፋት ሲፈለግ አሉሚኒየሙ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ማለስለስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ብረት ሲግል ይቀላል፤ አሉሚኒየም ግን ቀለሙን ሳይለውጥ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድንገት ይቀልጣል። ታዲያ የድሮ ላሜራ ቀጥቃጮች ያገኙት ዘዴ በጣም ያስደንቀኛል፤ ላሜራውን በልብስ ሳሙና ይቀቡታል። እሳቱ ሲነካው ሳሙናው መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆናል፤ ሲጠቁር እሳቱን ያነሣሉ። በዚያ ጊዜ ላሜራው ለስልሷል፣ ገና ግን አልቀለጠም። ቴርሞሜትር ሳይኖር በሳሙና ሙቀት መለካት ማለት ይህ ነው።

ላሜራው በቱቦው ላይ ሲቀመጥም ወዲያው ሪቬት አይመታም። ልብስ ሰፊ ኮት ከመስፋቱ በፊት በነጭ ክር ሰፋ ሰፋ አድርጎ አያይዞ እንደሚለካ ሁሉ፣ እነዚህም ሰዎች በየቀዳዳው ተነቃይ ፒን እያስገቡ ላሜራውን ለጊዜው ይይዙታል። 3.2 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሪቬት ቀዳዳው 3.3 ይቀደዳል። ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ይኬዳል እንጂ ከሁለቱ ዳር ወደ መካከል አይመጣም፤ አለዚያ ላሜራው መካከሉ ላይ ይነፋል። በመጨረሻም ሁሉም ተነቅሎ፣ ቱቦው ቀለም ወይም ማጣበቂያ ተቀብቶ፣ ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው ይመታል። አሉሚኒየምና ብረት እርቃናቸውን ተነካክተው ውሃ በመካከላቸው ሲገባ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆናሉ፤ ከሁለቱም የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በዝናባማው የእንግሊዝ አገር ይህን የዘነጋ ሰው ከጥቂት ክረምት በኋላ በሪቬቱ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ያገኛል።

ፋይበርግላስ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። መጀመሪያ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ጄልኮት የሚባለው ለስላሳ ሽፋን ይቀባል፤ በላዩ ከመስተዋት ክር የተሠራ ምንጣፍ ይነጠፍና ፖሊየስተር በሚባል ሙጫ ይርሳል። ሙጫው ከማጠንከሪያው ጋር ሲዋሐድ ይግላል፣ ይጠነክራል፣ ጥቂትም ይኮማተራል። ገና ያልበሰለ አካል ከቅርጽ ማውጫው ቶሎ ወጥቶ በግድግዳ ቢደገፍ በተደገፈበት በኩል ይጎብጣል። ስለዚህም ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ሁለት በሮች እንኳ ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። አዋቂዎቹ አዲሱን አካል በሻንሲው ላይ አስቀምጠው፣ በሩንና ኮፈኑን በየቦታው አድርገው ለጥቂት ሳምንታት፣ ቢቻል ፀሐይ እየነካው፣ እንዲያርፍ ይተዉታል። የሚጎብጠው ነገር ካለ ከቀለም በፊት ይጉበጥ ማለታቸው ነው። በ1950ዎቹ ለአሮጌ ፎርድ ይሸጡ ከነበሩት ቅርፊቶች አንዳንዶቹማ በር እንኳ አልነበራቸውም፤ የበሩን ቀዳዳ በመጋዝ የሚያወጣው ገዢው ነበር።

እስቲ ከፋይበርግላስ ልብሶች ሁሉ የከፋውን እንውሰድ። በ1962 ካሮል ሸልቢ የሚባል አሜሪካዊ ኤሲ ከሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ሆኖ፣ በቀላል የእንግሊዝ መኪና ውስጥ ትልቅ የፎርድ ሞተር ጨመረበትና ኮብራ ተባለ። የዋናው ኮብራ አካል በእጅ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ነው። ዛሬ በኪት የሚሸጡት ግልባጮቹ ግን አብዛኛዎቹ ከፋይበርግላስ ናቸው። መኪናው ሁሉ ጉብ ጉብ ያለ ስለ ሆነ ቀጥተኛ መስመር አይገኝበትም፤ በሩም በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ነው።

ሥራው እንዲህ ይካሄዳል። መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ በራሱ ጎማ ይቁም፤ ክብደቱን ሲሸከም ሻንሲው ጥቂት ይታጠፋልና፣ በድጋፍ ላይ የተስተካከለ በር ጎማው መሬት ሲነካ ሊጋጭ ይችላል። ከዚያ ሻንሲው በአራት ማዕዘኑ ሰያፍ ይለካል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ጠማማ ስለ ሆነ ሌላውን ሥራ ማቆም ነው። ቀጥሎ በቱምቢና በውሃ ልክ የመኪናው መካከለኛ መስመር በወለሉ ላይ በጠመኔ ይሰመራል፤ አካሉን አራት ሰው ተሸክሞ ያስቀምጠዋል። አካሉና ሻንሲው ሳይስማሙ ቢቀሩ የትኛውን ማመን ይሻላል? በእኔ አስተያየት ጎማውን ነው። ጎማው በፓራፋንጎው ውስጥ በግራና በቀኝ እኩል ካልተቀመጠ፣ ስለ መኪና ምንም የማያውቅ መንገደኛ እንኳ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይሰማዋል።

መጀመሪያ የሚሰቀለው በሩ ነው። ኮፈኑና የኋላው ክዳን ወዲያና ወዲህ ለማለት ቦታ አላቸው። በሩ ግን በሁለት ምሰሶ መካከል የታሰረ ነው። የበሩን ጎማ፣ ማለትም ውሃ የሚከለክለውን፣ አስቀድሞ መለጠፍ ይገባል። ይህን የረሳ ሰው ብዙ ነው። ያለ ጎማ በሩ እንደ ቆብ ይገጥማል፤ ጎማው ሲለጠፍ በሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ የአንድ ሳምንት ልፋትም መና ይቀራል።

በክፍል ውስጥ ስለ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሳስተምር «ይህ ለምን ይጠቅማል?» የሚሉኝ ተማሪዎች አሉ። እነሆ ለዚህ ይጠቅማል። በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው እንበል፤ ሁለቱ ማጠፊያዎች በፊተኛው ምሰሶ ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ተሰክተዋል። የበሩ የኋላ ጫፍ ወደ ታች ዘንበል ብሏል። በታችኛው ማጠፊያና በምሰሶው መካከል የ1 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ቢጨምሩ በሩ በላይኛው ማጠፊያ ዙሪያ ይዞራል። የበሩ ርዝመት ከማጠፊያዎቹ ርቀት ሦስት እጥፍ ስለ ሆነ የኋላው ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ይነሣል። ሮንዴላውን በላይኛው ማጠፊያ ቢያደርጉት ደግሞ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ይህን ስሌት ያልያዘ ሰው ሮንዴላ ሲያስገባና ሲያወጣ ይመሽበታል። ማጠፊያዎቹ በተቀራረቡ ቁጥር ደግሞ ስሕተቱ ይበዛል፤ በኮብራ ላይ የሚያስለቅሰው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

በበሩና በአካሉ መካከል የሚቀረው ክፍተት 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለጓሮ ሥራ የሚያስመሰግን ነው። በክፍተቱ ውስጥ ውፍረቱ የታወቀ ካርቶን ወይም እንጨት እያስገቡ ዙሪያውን መሞከር ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ዓይን የሚያየው የክፍተቱን ስፋት ሳይሆን አለመመጣጠኑን ነው። ዙሪያውን ሁሉ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት ለዓይን ደስ ይላል፤ በአንድ ጫፍ 3 በሌላው 5 የሆነው ግን ከመንገዱ ማዶ ያስታውቃል። ቀለሙም ቦታ እንደሚፈልግ አይዘንጋ፤ በሁለቱም ጠርዝ ላይ ስለሚቀባ ክፍተቱ አስቀድሞ ትንሽ ሰፋ ይደረጋል። ጠርዙ ከጎደለ የመስተዋት ክርና ሙጫ ተጨምሮበት ይሞረዳል። በጋራዥ ቋንቋችን ስቱኮ የምንለው መለሰኛ ለስሱ ጉድጓድ መሙያ ይሆናል እንጂ በጠርዝ ላይ ተቆልሎ አይቆይም፤ በሩ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ሲዘጋ ይረግፋል።

ወደ መሠርሰሪያው የሚኬደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመጨረሻው ክፍል በቦታው ቆሞ ሳይታይ የመጀመሪያው ቀዳዳ ለዘለቄታው አይቀደድም። በሩ ከፓራፋንጎው፣ ፓራፋንጎው ከኮፈኑ፣ ኮፈኑ ከአፍንጫው ጋር ይነጋገራልና አንዱን ብቻ ማሰር ሌላውን ማስቀየም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ። የሚቀደድበት ቦታ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፤ በቀጭን መሠርሰሪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ቀዳዳው ከቡሎኑ ጥቂት ይሰፋል፤ ሰፊ ሮንዴላም ከሥሩ ይደረጋል። ዳዶውን ያለ መጠን ያጠበቀ ሰው ወዲያው ምንም አያይም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በቡሎኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ በጄልኮቱ ላይ ይወጣል። ፋይበርግላስ ሲቆረጥና ሲሞረድ የሚወጣውም አቧራ የመስተዋት ብናኝ ስለ ሆነ አፍና አፍንጫን በደንብ መሸፈን ግድ ነው።

መንግሥትም ልብሱን ይመረምራል። በብሪታንያ ከ1998 ጀምሮ በግል የተሠራ መኪና ከመንገድ በፊት ልዩ ምርመራ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ2009 ደግሞ በአሁኑ የምርመራ ሥርዓት ተተካ። መርማሪው ፍሬንና መብራት አይቶ ብቻ አይመለስም። እግረኛን ሊነካ የሚችል የውጭ ጠርዝ ሁሉ ክብነቱ ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ እንዲኖረው ይጠይቃል። ስለዚህ በሰቨን ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ጎማ ይታሰራል፣ የቡሎን ራስ በፕላስቲክ ቆብ ይሸፈናል። አንዳንዶች ምርመራው ካለፈ በኋላ ቆቡን ይነቅሉታል ይባላል፤ ይህን አላመሰግንም፤ ሕጉ የተጻፈው ለመርማሪው ሳይሆን ለእግረኛው ነውና።

እንግዲህ በሩ ሲዘጋ እንደ ፋብሪካ መኪና «ጠብ» ካለ፣ ክፍተቱ ከተስተካከለ፣ ባለቤቱም ጎረቤት ጠርቶ ካሳየ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ምን ይመስልዎታል? ሁሉንም መልሶ መንቀል ነው። ቀለም የሚቀባው ተለያይቶ ስለ ሆነ በሩ፣ ኮፈኑ፣ ክዳኑ ይወርዳሉ። በዚህ ጊዜ ብልህ ሰው ጥቂት አሮጌ ፖስታዎች ያዘጋጃል። ከግራው በር ከላይኛው ማጠፊያ የወጡትን ሮንዴላዎች በአንዱ፣ ከታችኛው የወጡትን በሌላው ከትቶ፣ በላዩ ላይ የየትኛው እንደ ሆነና ስንት እንደ ነበሩ ይጽፍበታል። ከዚያም ፖስታዎቹን ሕፃናት በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ መኪናውን ወደ ቀለም ቀቢው ይወስዳል።